ደንቡ ከመታተሙ በፊት ለትንንሽ ክለቦችም ይነበብ (ከጅማ)

የቡድን መሪው | ሰኞ ምሽት 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን።

ጅማ ውስጥ ከአዌቱ ወንዝ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ያለ የእግር ኳስ ቡድን እመራለሁ። ዘንድሮ ዘጠነኛ ዓመቴ ነው። ደመወዝ የለኝም፤ እንጀራዬ የእንጨት ሥራ ነው። ቡድናችን 24 ተጫዋቾች፣ አንድ አሰልጣኝ፣ አንድ ወጌሻ፣ ሁለት ሙሉ ማልያና ስድስት ኳሶች አሉት። ይህን የምዘረዝረው እንዲታዘንልን አይደለም። የማነሣው ጥያቄ ከምን ዓይነት ክለብ እንደመጣ እንድታውቁልኝ ነው።

ባለፈው ሳምንት፣ ምዝገባ ሊጀመር 12 ቀን ሲቀረው፣ ውድድራችንን ከሚመራው አካል ደብዳቤ ደረሰን። የተሻሻለ የውድድር ደንብ ተያይዞበታል። አዲስ የሆኑት ሦስት ነገሮች ናቸው። ባለሜዳው ክለብ በእያንዳንዱ ጨዋታ አምቡላንስ ሜዳ ዳር ማቆም አለበት። እያንዳንዱ ክለብ ከ17 ዓመት በታች ቡድን ማስመዝገብ አለበት። ሜዳው በዝናብ ምክንያት ለጨዋታ ብቁ ካልሆነ ደግሞ ባለሜዳው በፎርፌ 3 ለ 0 ይሸነፋል።

የመጨረሻውን ደጋግሜ አነበብኩት። እኛ ያለነው ጅማ ነው። ክረምቱ መስከረም ጠባ ብሎ የማይወጣበት፣ ጥቅምት ላይም ሰማዩ የማይታመንበት አገር ነው። አምና አንድ ቅዳሜ ልጆቹ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምረው መስመሩን በኖራ አሰመሩ። ፀሐዩ ጥሩ ነበር። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ዝናቡ ወረደና በግማሽ ሰዓት ውስጥ ኖራው ከጭቃው ጋር አንድ ሆነ። የዕለቱ ኮሚሽነር ጨዋታውን ለማግሥቱ አሸጋገሩት፤ ተጫወትን፤ 1 ለ 1 ተለያየን። በአዲሱ ደንብ ቢሆን ያች አንድ ነጥብ የለችም። የልጆቹም ላብ የለም።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ደንብ አያስፈልግም የሚል ሰው አይደለሁም። አምቡላንሱ ለምን እንደተጻፈ ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ ከሁለት ዓመት በፊት አንዱ ተከላካያችን እግሩ ተሰብሮ በባጃጅ ነው ሐኪም ቤት ያደረስነው። መንገዱ ባንገጫገጨው ቁጥር የጮኸው ጩኸት እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ነገር ግን ረቂቁን ቀድመው ቢያሳዩን ኖሮ አንድ ነገር እንነግራቸው ነበር፦ በአንድ ከተማ ያሉ ሦስት ጨዋታዎች በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ቀን፣ በተከታታይ ይካሄዱ፤ አንድ መኪና ሦስቱንም ይጠብቃል። ይህ ትልቅ ጥበብ አይደለም። ሜዳ ዳር የሚውል ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ግን አልተጠየቀም።

ደንብ የሚነበብልን ዕጣ በሚወጣበት ቀን ነው። ያን ቀን እጃችንን አንሥተን እንናገራለን፤ ይሰማናል፤ ቃለ ጉባኤ ይያዛል። ደንቡ ግን ታትሞ፣ ማኅተም አርፎበት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ከዚያ በኋላ የሚነገር ነገር ምን ይለውጣል?

ጥያቄዬ ይህ ነው። እኛን የመሰሉ ክለቦች በሚተዳደሩበት ደንብ ላይ፣ ደንቡ ከመጽደቁ በፊት ቃል የሚሰጡበት መንገድ እንዴት ይገኛል? ልምድ ያላችሁ አካፍሉኝ።

አወያይ | ሰኞ ምሽት 3፡05

ጥሩ ርእስ ነው። አንድ ማሳሰቢያ፦ የየራሳችሁን ቅሬታ ስትናገሩ የመሥሪያ ቤትም ሆነ የግለሰብ ስም አትጥሩ። ስለ ሥርዓቱ እንነጋገር።

ፉጨት | ሰኞ ምሽት 3፡30

አሥራ አራት ዓመት በዳኝነት አገልግያለሁ፤ በጅማና በዙሪያዋ ያልረገጥኩት ሜዳ ጥቂት ነው። ለወንድሜ ለቡድን መሪው አክብሮት አለኝ፤ በአንድ ነገር ግን አልስማማም።

የዝናቡ ደንብ ከሰማይ አልወረደም። ሦስት ዋና ተጫዋቾቹ በቅጣት ላይ ያሉበት ባለሜዳ፣ የውኃ መውረጃውን ሳይከፍት ሜዳውን አስጥሞ ‹‹መጫወት አይቻልም›› ሲል በዓይኔ አይቻለሁ። እንግዳው ቡድን በኪራይ መኪና መጥቶ፣ ምሳ ሳይበላ ተመልሷል። ይህን የፈጸመው ትንሽ ክለብ ነው፤ የተበደለውም ትንሽ ክለብ ነው። ስለዚህ ትንንሽ ክለቦች ሁሉ አንድ ፍላጎት እንዳላቸው አድርገን አንናገር።

ሌላም አለ። ስብሰባ ሲጠራ የማይመጡት እነማን ናቸው? ቢመጡስ ደንቡን አንብበው የሚመጡት ስንቶቹ ናቸው? እኔ በተቀመጥኩባቸው ስብሰባዎች አብዛኛው ጥያቄ ስለ አበልና ስለ መርሐ ግብር ነበር። ድምፅ የሚሰጠው ሰው አስቀድሞ የቤት ሥራውን መሥራት አለበት።

ከአጋሮ | ማክሰኞ ጠዋት 1፡50

እኛ ከላይ የተባልነው እንግዳ ቡድን ነን። ከአጋሮ ጅማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሩቅ አይባልም። ነገር ግን የአንድ ቀን የመኪና ኪራይ ለእኛ የአንድ ወር የልምምድ ወጪ ነው። በዝናብ ምክንያት ሁለት ጊዜ ስንመላለስ የሚከፍለን የለም።

ቢሆንም የፎርፌውን ደንብ አልወደድኩትም። ነገ ባለሜዳ የምሆነው እኔ ነኝ። ሊሙም፣ ሰካም፣ ሰርቦም ዝናቡ ያው ዝናብ ነው። እኔ ብጠየቅ እንዲህ እል ነበር፦ በጨዋታው ቀን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ዳኛውና የባለሜዳው ተወካይ ሜዳውን አብረው ይዩ፤ ውኃ መውረጃው መከፈቱን ያረጋግጡ። አጠራጣሪ ከሆነ ለእንግዳው ከመነሣቱ በፊት ይደወልለት። እንግዳው መንገድ ከጀመረ በኋላ ጨዋታው ከተሸጋገረ የሁለተኛውን ቀን የትራንስፖርት ወጪ ሁለቱ ክለቦች እኩል ይካፈሉ። ፎርፌ የሚመጣው መውረጃውን ባልከፈተው ላይ ብቻ ይሁን።

የቡድን መሪው | ማክሰኞ ጠዋት 2፡15

የአጋሮው ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፉጨትም የነገሩን ሥር አሳዩን፤ ስለ መውረጃው የተናገሩት እውነት ነው፤ እኔም አይቼዋለሁ።

አሁን የሆነውን ልብ በሉ። አንድ ባለሜዳ፣ አንድ ዳኛና አንድ እንግዳ ተነጋግረው ከታተመው የተሻለ አንቀጽ አወጡ። አንድ ሌሊት እንኳ አልፈጀም። ደብዳቤውን ያረቀቁት ሰዎች ክፉዎች ናቸው አልልም፤ እነሱ ያዩት የአንዱን ቅሬታ ብቻ ነው። የሌላውን የሚያዩበት ቀዳዳ አልነበራቸውም።

ሂርማታ | ማክሰኞ ቀን 6፡20

በሙያዬ የሕግ ሰው ነኝ፤ እግር ኳስን የምከታተለው በፍቅር ነው። ነገሩ እንዳይደበላለቅ ‹‹ደንብ›› የምንለውን በሦስት ብንከፍለው ይጠቅማል።

ሕገ ጨዋታ የሚባለው ኦፍሳይዱ፣ ፍጹም ቅጣት ምቱ፣ የእጅ ንክኪው ነው። ይህን የሚያወጣው እ.ኤ.አ. በ1886 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ማኅበራት ቦርድ ነው። አራቱ የብሪታንያ ማኅበራት አንድ አንድ ድምፅ፣ ፊፋ አራት ድምፅ አላቸው። አንድ አንቀጽ ለመለወጥ ከስምንቱ ስድስቱ መስማማት አለባቸው። እዚያ የጅማ ክለብ ቀርቶ ብራዚልም በቀጥታ ድምፅ የላትም፤ ስለዚህ ጉልበታችንን እዚያ አናባክን።

መተዳደሪያ ደንብ የተቋሙ ሕገ መንግሥት ነው። ጠቅላላ ጉባኤው በማን እንደሚወከል፣ ማን እንደሚመርጥና እንደሚመረጥ የሚወሰነው እዚያ ውስጥ ነው። የፊፋ መተዳደሪያ ደንብ አባል ፌዴሬሽኖች ሕግ አውጪ አካላቸው በውክልና ዲሞክራሲ መርሕ እንዲዋቀር ያዝዛል። ፊፋ ራሱ 211 አባላቱን እኩል አንድ አንድ ድምፅ ይሰጣቸዋል። ጅቡቲና ጀርመን በኮንግረሱ አዳራሽ እኩል ናቸው።

የውድድር ደንብ የሚባለው እናንተ የምትነጋገሩበት ነው፦ ምዝገባ፣ ቴሴራ (የተጫዋች መታወቂያ ካርድ)፣ ፎርፌ፣ የክስ ማስያዣ ገንዘብ፣ የሜዳ መስፈርት። ብዙ ጊዜ የሚወጣው በጠቅላላ ጉባኤ ሳይሆን በሥራ አስፈጻሚ ወይም በውድድር ኮሚቴ ነው። የዕለት ኑሯችሁን የሚነካው ይህ ሆኖ ሳለ ድምፅ የማይሰጥበትም ይኸው ነው። ጉባኤው በዓመት አንድ ጊዜ ተሰብስቦ ሪፖርትና በጀት ያጸድቃል፤ ኮሚቴው ግን ዓመቱን ሙሉ ደንብ ይጽፋል።

ስለዚህ የቡድን መሪው የጠየቁት ትክክለኛ ቦታ ላይ ነው ያረፈው። የጉባኤ ወንበር ማግኘት መልካም ነው። ረቂቁ ለአስተያየት የሚቀርብበት አስገዳጅ ሥርዓት ማግኘት ግን ይበልጥ ይጠቅማችኋል።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለኝ። በቁጣ ወደ መደበኛ ፍርድ ቤት እንሂድ የሚል ሰው አይጠፋም። የእግር ኳስ ሕግ ይህን በጠቅላላው ይከለክላል፤ ክርክር የሚታየው በራሱ በእግር ኳሱ የዳኝነት አካላትና በመጨረሻ ሎዛን ባለው የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ነው። ሐምሌ 2000 ዓ.ም. በፌዴሬሽኑ አመራር ላይ በተነሣው ውዝግብ ፊፋ ኢትዮጵያን ማገዱን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ያኔ የተጎዱት የተጣሉት ሰዎች ሳይሆኑ ተጫዋቾቹ ነበሩ። መንገዱ በደንቡ ውስጥ ያለ መንገድ ይሁን።

ሰማያዊ ማልያ | ማክሰኞ ቀን 9፡00

ይቅርታ አድርጉልኝ፤ እኔ ድምፅ የሚባለው ነገር አያጓጓኝም። ድምፅ ታኬታ አይገዛም። ለትንሽ ክለብ የሚያስፈልገው ገንዘብ ነው። የምዝገባ ክፍያ ይቀነስልን፣ ኳስና ማልያ ይሰጠን፤ ደንቡን እነሱ እንደፈለጉ ይጻፉት።

ሂርማታ | ማክሰኞ ቀን 9፡40

ወንድሜ፣ ይህ ሐሳብ በእንግሊዝ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2020 ክለቦች በኮሮና ምክንያት ያለ ተመልካች ደርቀው ሳለ አንድ ዕቅድ ወጣ። ለታችኛው ሊግ 250 ሚሊዮን ፓውንድ በአስቸኳይ ይሰጣል፤ በምላሹ በፕሪሚየር ሊግ ረጅም ጊዜ የቆዩ ዘጠኝ ክለቦች ልዩ የድምፅ ሥልጣን ያገኛሉ። በፕሪሚየር ሊጉ እያንዳንዱ ክለብ አንድ ድምፅ አለው፤ ለውጥ የሚያልፈውም ከ20ው 14ቱ ሲስማሙ ነው። ዕቅዱ ይህን ሚዛን ይገለብጠው ነበር፤ ክለቦቹም ውድቅ አደረጉት። ገንዘቡ የአንድ ጊዜ ነው። ድምፁን አንዴ አሳልፎ የሰጠ ክለብ ግን በሚቀጥለው ዓመት ገንዘቡ ሲቀነስበት በምን አፉ ይናገራል?

የዘጠኝ ቁጥር እናት | ማክሰኞ ምሽት 1፡30

የእግር ኳስ ሕግ አላውቅም፤ የማውቀው ልጄን ነው። ከ12 ዓመቱ ጀምሮ በሰፈራችን ቡድን ተጫውቷል። አሰልጣኙ ጫማ ገዝተውለታል፤ ፈተና ሲደርስ ከልምምድ አስቀርተው ‹‹ሂድ አጥና›› ብለውታል፤ ወባ ይዞት ሲተኛም ቤት ድረስ መጥተው ጠይቀውታል። 17 ዓመት ሲሞላው ከሌላ ከተማ አንድ ትልቅ ክለብ ወሰደው። እኔ ደስ ብሎኛል፤ እልል ብያለሁ። ለቡድኑ ግን አንድ ሳንቲም፣ አንድ የምስጋና ወረቀት እንኳ አልመጣም። አሰልጣኙ ምንም አላሉም። እኔ ግን አፈርኩ።

አሁን ደግሞ እያንዳንዱ ክለብ ከ17 ዓመት በታች ቡድን ያቋቁም መባሉን አነበብኩ። ጥሩ ነው፤ ልጆች ይጫወቱ። ነገር ግን ትንሹ ክለብ አሳድጎ ትልቁ ክለብ እንዲወስድ ከሆነ፣ ማሳደጉ ግዴታ ሲሆን መክፈሉ ለምን ግዴታ አልሆነም?

ሂርማታ | ማክሰኞ ምሽት 2፡10

እህቴ፣ በዚህ ክር ውስጥ ከተነሡት ሁሉ ከባዱን ጥያቄ አነሡ።

በዓለም አቀፍ ዝውውር ግዴታ ሆኗል። አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ በክፍያ ከአገር አገር ሲዛወር ከዋጋው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ላለው ዕድሜ ለእያንዳንዱ የውድድር ዓመት 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላለው ደግሞ 0.5 በመቶ ነው። ልጅዎ አንድ ቀን በ100,000 ዶላር ከአንድ አገር ወደ ሌላ ቢዛወር፣ የሰፈራችሁ ቡድን ከ12 እስከ 15 ዓመቱ ላሳደገበት ብቻ የአራት ዓመት ድርሻ፣ ማለትም 1,000 ዶላር ያገኛል። ለዚህ ግን ልጁ በእነዚያ ዓመታት በዚያ ክለብ ስም መመዝገቡ መታወቅ አለበት። ቴሴራው የተጣለ፣ መዝገቡ የጠፋ ክለብ መብቱም አብሮ ይጠፋል።

በአገር ውስጥ ዝውውር የሚሠራው የአገሩ ደንብ ነው። የፊፋ የዝውውር ደንብ እያንዳንዱ ፌዴሬሽን በአገር ውስጥም ወጣቶችን የሚያሳድጉ ክለቦችን የሚክስ ሥርዓት እንዲኖረው ይጠይቃል። እንግዲህ ይህን አንቀጽ ማን ይጽፈዋል? ጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጡት ተጫዋች የሚወስዱት ክለቦች ብቻ ከሆኑ፣ ‹‹ለአሳዳጊው እንክፈል›› የሚል እጅ በራሱ አይነሣም። ይህ የሰዎች ክፋት አይደለም። ሰው የራሱን ወጪ በራሱ እጅ አይጽፍም።

የቡድን መሪው | ማክሰኞ ምሽት 2፡35

ይህን ካነበብኩ በኋላ ቁም ሣጥኑን ከፍቼ የድሮ ቴሴራዎችን ፈለግሁ። የአምስት ዓመቱ አለ። የቀረው ቢሮ ስንቀይር ጠፍቷል። አዝኛለሁ።

ከራይን ማዶ | ማክሰኞ ሌሊት 5፡10

ጅማ መንደራ ተወልጄ ያደግሁ፣ አሁን ጀርመን የምኖር ነኝ። ስለ ውክልና አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ።

እዚህ የሁለቱ ከፍተኛ ሊጎች 36 ክለቦች በሊጉ ማኅበር እኩል አንድ አንድ ድምፅ አላቸው። ባየር ሙኒክም፣ ገና ከታች ያደገውም ያው አንድ ድምፅ ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2023 ከቴሌቪዥን ገቢ 8 በመቶውን ለ20 ዓመት ለባለሀብት ለመስጠት ድምፅ ተሰጠ። ሁለት ሦስተኛ ያስፈልግ ነበር፤ 24 ድምፅ ተገኘ፤ ልክ በልኩ። አንድ ሰው እጁን ቢያጥፍ ኖሮ ያልቅለት ነበር።

ጥርጣሬው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የሃኖቨር ክለብ እናት የሆነው የአባላት ማኅበር ለተወካዩ ‹‹ተቃወም›› የሚል መመሪያ ሰጥቶት ነበር። ድምፁ በምስጢር ስለተሰጠ ተወካዩ መመሪያውን ማክበሩን ማንም ማረጋገጥ አልቻለም። ደጋፊዎች ለሳምንታት የቴኒስ ኳስ ሜዳ ላይ እየወረወሩ ጨዋታዎችን አቋረጡ። የካቲት 2024 ላይ ዕቅዱ ተተወ።

ክለብ ድምፅ ማግኘቱ ብቻውን አይበቃም ለማለት ነው። ድምፁን ይዞ የሚሄደው ሰው ከክለቡ ጋር ተመካክሮ መሄዱ፣ ተመልሶም ምን እንዳለ መናገሩ ያስፈልጋል።

ሰማያዊ ማልያ | ረቡዕ ጠዋት 1፡20

ከራይን ማዶ የጻፉትን አንብቤ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ትናንት ድምፅ አያጓጓኝም ያልኩበትን ምክንያት በሐቀኝነት ልናገር።

እኔ ያለሁበት ክለብ በጀቱ ከከተማ አስተዳደር የሚመጣ ነው። አብዛኛው የአገራችን ክለብ እንዲሁ ነው። በስብሰባ የሚወክለን ሰው በሹመት የተመደበ ነው። ጥሩ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ሜዳ ቢመጣ ነው። ሹመቱ ሲቀየር ተወካያችን ይቀየራል፤ አዲሱ ደግሞ ፎርፌና ክስ ማስያዣን ለይቶ እስኪያውቅ ዓመቱ ያልቃል። አሰልጣኙን፣ ወጌሻውን ወይም አምበሉን ‹‹እዚያ ስሄድ ምን ልበል?›› ብሎ የጠየቀ ተወካይ አላጋጠመኝም። ድምፅ አለን ይባላል፤ ክለቡ ግን ተናግሮ አያውቅም። ተስፋ የቆረጥኩት ለዚህ ነው።

የቡድን መሪው | ረቡዕ ጠዋት 1፡55

ይህን በመናገርህ አከብርሃለሁ። ይህ ከላይ የመጣ ችግር ብቻ አይደለም፤ በየቤታችን ያለ ነው። እኔም ብሆን ባለፈው ዕጣ ማውጣት ቀን የተናገርኩት የራሴን ሐሳብ ነበር። ልጆቹን አልጠየቅኩም።

የጥንቱ ደጋፊ | ረቡዕ ቀን 8፡15

ልጆቼ፣ ዕድሜዬ ገፍቷል፤ የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ።

ጥር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ እኔ እዚህ ጅማ ልጅ ነበርኩ። ከተማችን ያኔ የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች። ፈረንጅ አራዳ ካለ አንድ ቡና ቤት ደጃፍ ቆመን ነው በሬዲዮ የሰማነው። የዋንጫው ታሪክ ብዙ ጊዜ ይነገራል። ያች ዋንጫ የምትገኝበት ውድድር እንዴት እንደተፈጠረ የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው።

የካቲት 1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የአፍሪካን ኮንፌዴሬሽን የመሠረቱት ኢትዮጵያ፣ ግብፅ፣ ሱዳንና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። አራት ብቻ! ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም ስላለች ከመጀመሪያው ውድድር ቀረች። ይድነቃቸው ተሰማ ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ፤ በኋላም ከ1964 ዓ.ም. እስከ ዕለተ ሞታቸው 1979 ዓ.ም. ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት መሩ።

እ.ኤ.አ. ለ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ፊፋ ለአፍሪካ አንድም ቀጥተኛ ቦታ አልሰጠም። የአፍሪካው አሸናፊ ከእስያው አሸናፊ ጋር ተጋጥሞ ማለፍ ነበረበት። አህጉራችን በዚያ ደንብ ላይ ቃል አልነበራትም፤ ደንቡ ወጥቶ ተነገራት። ጋና ግንባር ቀደም ሆና፣ ይድነቃቸውም ደግፈው፣ አፍሪካውያን ከማጣሪያው ወጡ። ብዙዎች ‹‹የተራበ ሰው ከገበታ ላይ ይነሣል ወይ?›› አሉ። በሚቀጥለው የዓለም ዋንጫ፣ እ.ኤ.አ. በ1970፣ አፍሪካ የራሷን ቦታ አገኘች፤ ሞሮኮ ሜክሲኮ ሄደች። ለ2026 ዘጠኝ ቀጥተኛ ቦታ ተሰጥቶናል።

ያን ዘመን ትንሹ ክለብ አፍሪካ ነበረች። ይድነቃቸው ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ሠራዊትም አልነበራቸውም። የነበራቸው ደንቡን ጠንቅቆ ማወቅና ስብሰባ አለመቅረት ነው። ዳኛው ልጄ ‹‹የቤት ሥራ›› ያልከው እውነት ነው፤ ግን የቤት ሥራ የሚሠራው ጥያቄው ቀድሞ ሲሰጥ ነው። በፈተናው ቀን ደብተር ብታድሉት ተማሪው ምን ያደርጋል?

ፉጨት | ረቡዕ ምሽት 1፡00

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥዎት። ያሉትን ተቀብያለሁ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልያዝ። የተጫዋች ሕይወት የሚመለከት አንቀጽ በድምፅ ብልጫ መጣል የለበትም። ‹‹አምቡላንስ ውድ ነው›› ብለው አሥር ክለቦች ቢፈርሙ እንኳ፣ እኔ ሜዳ መሀል ምላሱን የዋጠ ልጅ አፍ ከፍቼ የማውቅ ሰው ነኝ። እንዴት እንደሚፈጸም እንመካከር፤ ይቅር ወይስ ይኑር በሚለው ላይ ግን አንመካከር። በደብዳቤያችሁ ይህን ብትለዩት እኔም ከዳኞች በኩል እፈርማለሁ።

የቡድን መሪው | ረቡዕ ምሽት 2፡20

ትክክል ነው፤ እንለየዋለን።

ዛሬ ከልምምድ በኋላ ልጆቹን አስቀምጬ የተወያየነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ሳር ላይ ክብ ሠርተን ተቀመጥን። መጀመሪያ ዝም አሉ። ከዚያ ግብ ጠባቂያችን ተናገረ፤ በዓመቱ ውስጥ ድምፁን የምሰማው ጥቂት ጊዜ ነው። ‹‹ከ17 ዓመት በታች ቡድኑ የራሱ መርሐ ግብር ካለው ሜዳው አንድ ስለሆነ ማን መቼ ይለማመዳል?›› አለ። እኔ አላሰብኩትም ነበር። የእነሱ ጨዋታ ከዋናው ቡድን ጨዋታ ቀድሞ በዚያው ቀን ቢሆን ሜዳውም መኪናውም አንድ ይሆናል፤ አምቡላንሱም አብሮ ይውላል። ይህ ከደብዳቤው ገባ።

ረቂቁ አጭር ነው፤ አንብባችሁ አርሙልኝ።

‹‹እኛ ስማችን ከዚህ በታች የተዘረዘረው ክለቦች የሚከተለውን በአክብሮት እንጠይቃለን። ማንኛውም የውድድር ደንብ ማሻሻያ ከመጽደቁ 30 ቀን በፊት ረቂቁ ለሁሉም ተመዝጋቢ ክለቦች በጽሑፍ ይድረስ። ክለቦች የሰጡት አስተያየት ተቀባይነት ካላገኘ ምክንያቱ በጽሑፍ ይገለጽ። በውድድር ኮሚቴው ውስጥ ከታችኛው እርከን ክለቦች በክለቦቹ የተመረጡ ሁለት ተወካዮች ይቀመጡ፤ ተወካዮቹም ከእያንዳንዱ ስብሰባ በኋላ ለመረጧቸው ክለቦች ሪፖርት ያቅርቡ። የተጫዋቾችን ደኅንነት የሚመለከተው አንቀጽ እንዳለ እንዲጸና እየደገፍን፣ አፈጻጸሙ በአንድ ሜዳ በሚደረጉ ተከታታይ ጨዋታዎች እንዲሆን ሐሳብ እናቀርባለን። የዝናብ ፎርፌን በተመለከተ አማራጭ አንቀጽ አያይዘናል። በአገር ውስጥ ዝውውር ለአሳዳጊ ክለቦች የሚከፈል ካሳ በሚቀጥለው ጉባኤ አጀንዳ ሆኖ እንዲያዝልን እንጠይቃለን።››

ሂርማታ | ረቡዕ ምሽት 3፡00

ጥሩ ነው። ሁለት እርማት። ‹‹እንጠይቃለን›› ካላችሁ መልስ የሚሰጥበትን ቀን ጻፉ፤ ቀን የሌለው ጥያቄ መሳቢያ ውስጥ ያድራል። አሁን የወጣው ደንብም ለዚህ ዓመት እንዴት እንደሚታይ ግልጽ አድርጉ፤ አለበለዚያ ‹‹ለሚቀጥለው ዓመት ይታያል›› ይባልና ዘንድሮ በፎርፌ ትወድቃላችሁ። ሁለት ቅጂ አድርጋችሁ፣ በአንዱ ላይ መዝገብ ቤቱ የገቢ ቁጥርና ቀን ጽፎበት በእጃችሁ ይቅር።

ከአጋሮ | ረቡዕ ምሽት 3፡25

የዝናቡን አንቀጽ ጽፌ ልኬላችኋለሁ። ከእኛ በኩል ሦስት ክለቦች ይፈርማሉ።

ሰማያዊ ማልያ | ሐሙስ ጠዋት 3፡10

ተወካያችንን ቢሮ ድረስ ሄጄ አነጋገርኩ። ደንቡን ቁጭ ብለን አብረን አነበብነው። ከ17 ዓመት በታች ቡድን የሚለውን ሲያይ ‹‹ይህ በጀት ውስጥ አልተያዘም እኮ›› አለ። አዎ፣ አልተያዘም። እሱም ይህን ያወቀው ገና ዛሬ ነው። በክለቡ ማኅተም ይፈርማል።

የዘጠኝ ቁጥር እናት | ሐሙስ ቀን 7፡45

ልጄ ከ12 ዓመቱ ጀምሮ የነበሩትን ቴሴራዎች እኔ አስቀምጬአቸው ነበር፤ ፎቶው ስለሚያምር ነው የያዝኳቸው። ሁሉም አሉ። ለአሰልጣኙ ቅጂ አድርጌ ሰጥቻቸዋለሁ።

የቡድን መሪው | ዓርብ ቀን 6፡05

ደብዳቤው ዛሬ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ መዝገብ ቤት ገብቷል። የዘጠኝ ክለቦች ማኅተምና የአንድ ዳኛ ፊርማ አለበት። የመልስ ቀን ብለን የጻፍነው ምዝገባ ከሚጀመርበት ሁለት ቀን በፊት ያለውን ነው። የተቀበሉን ባለሙያ ገጽ በገጽ ቆጥረው የገቢ ቁጥር ጻፉልን፤ ‹‹የዝናቡን አንቀጽ እኔም አልገባኝም ነበር›› አሉ።

የሰርቦው ቡድን ማኅተም አልደረሰም፤ የቡድን መሪው ፊርማ ብቻ ነው ያለው። ወንድሜ፣ ይህን የምታነብ ከሆነ ማኅተሙን እስከ ሰኞ አምጣልን። ቢሮው የሚከፈተው ጠዋት 2፡30 ነው፤ እኔ በር ላይ እጠብቅሃለሁ።